የቢጫው ሣጥን ጊዜያዊ ማረፊያ

ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለብኝም። ቆቦ ከተማ ሙሉ ሰው እያለ፣ «ጨረር» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ወረዳው በደረሰ ቀን ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው፣ ቢሮውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘው፣ ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ማስተማሩን ትቼ ጽሕፈት ቤት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያስተማርኩት ስለ መስተዋትና ስለ ሌንስ እንደሆነ፣ እሱንም ላቦራቶሪ በሌለበት በጠመኔ እየሣልኩ እንደነበር ላስረዳው ሞከርኩ። ያው ፊዚክስ አይደል ወይ አለኝ። በዚያችው ደቂቃ የወረዳው የራዲዮአክቲቭ ቁስ ተጠሪ ሆንኩ። ደመወዝ አልተጨመረልኝም፣ ጠረጴዛም አልተቀየረልኝም። በየሩብ ዓመቱ የምሞላው አንድ ቅጽ ተሰጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ ከአስፋልቱ ዳር የአንድ መንገድ ሠሪ ተቋራጭ ካምፕ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ተቋራጩ ማሽኑን ጫነ፣ ቆርቆሮውን ነቀለ፣ የወጥ ቤቱን ድስትና ጭልፋ ሳይቀር ሰብስቦ ሄደ። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፈሩና አስፋልቱ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለኩበት መሣሪያ። ሻንጣ በምታህል ቢጫ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ሆዱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ራዲዮአክቲቭ ፍሬዎች የያዘ። የአንደኛው ፍሬ ጉልበት በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። ጭልፋ ያልረሳ ሰው ይህን ረሳው። እንዲያው የሰው ልጅ ማስታወስ ሲያውቅበት።

ከዋና ከተማ ባለሙያዎች መጡ። ሣጥኑን ለኩት፤ ካልተከፈተና ካልተሰበረ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሰው እንደማይጎዳ፣ ከተከፈተ ግን ጣጣው ብዙ እንደሆነ ነገሩን። ካምፑ ጥግ ላይ በቀረች አንዲት የብሎኬት ክፍል አስገብተው ቆለፉበት፤ ዙሪያውን እሾሃማ ሽቦ ዘረጉ፤ በሩ ላይ የማራገቢያ ክንፍ የሚመስለውን ጥቁርና ቢጫ ምልክት የያዘ የቆርቆሮ ሰሌዳ መቱ። ወደ ማዕከላዊ ማከማቻ እስኪወሰድ ድረስ እዚህ የሚቆየው በጊዜያዊነት ነው አሉ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። እኔ ራሴ በጊዜያዊነት በተሰጠኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ከካምፑ የቀረ ሌላም ነገር ነበር፤ ዘበኛው። ቤታቸው ከካምፑ ማዶ፣ ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ የሆነ፣ ማሽላ የሚያርሱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከአንዲት ልጃቸውና ከልጆቿ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንዱ ልጃቸው ሳዑዲ ገብቷል፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። ተቋራጩ ሲሄድ ዘበኛውን ለወረዳው እንደ ዕቃ አስረከበና ወረዳው ተረከበ። የሣጥኑ ጠባቂ ሆኑ። ጠባቂ ደግሞ ሥልጠና ያስፈልገዋል ተባለ፣ አሠልጣኙም እኔ ነኝ ተባለ።

ሥልጠናውን የሰጠሁት ከግራር ሥር ቆሜ ነው፤ ባጃጅ እየጠበቀኝ ስለነበር አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። የባለሙያዎቹን ሦስት ገጽ ወረቀት ወደ ሦስት ነገር አሳጠርኩላቸው። አንደኛ፣ ሣጥኑን ማንም እንዳይከፍተው። ሁለተኛ፣ ሣጥኑ በደህና መኖሩን ሳያዩ አንድም ሌሊት እንዳያድሩ። ሦስተኛ፣ ከእጅዎ የምረከበው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሌላ ለማንም እንዳይሰጡ። ይችን ሦስተኛዋን ከወረቀቱ አይደለም ያገኘኋት፤ ትልቅ ሰው ለመምሰል ከራሴ የጨመርኳት ነች። ሽማግሌው በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስቱንም ደገሙልኝና «በአላህ ስም ተቀብያለሁ» አሉ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ሰሌዳው ሦስት ሳምንት አልቆየም። ለቁጥጥር ስሄድ በሩ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት እዚያው ሰፈር በአንዲት ሴትዮ የዶሮ ቤት ጣራ ላይ ነው፤ ምልክቱ ወደ ሰማይ ዞሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት። ዶሮዎቿ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተጠብቀዋል። ሽቦው ደግሞ የአንድ ሰው ፓፓያ ማጠሪያ ሆኗል። ማስጠንቀቂያው ማንንም አላስጠነቀቀም፤ ሁሉም ያየው ቆርቆሮና ሽቦ ነው፣ ቆርቆሮና ሽቦ ደግሞ ሥራ አለው። ያልተነካው በሩ ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም በሩ ላይ ሽማግሌው ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ እንደሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ደሴ ሄድኩ። ሰላም ሆነ ተብሎ ስመለስ ቢሮዬ በር የለውም፣ መስኮት የለውም፣ የመብራት ማብሪያው እንኳ ከነሽቦው ተነቅሏል። መዝገቦቻችን ገበያ ላይ ለውዝ ተጠቅልሎባቸው አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ነው ሣጥኑ ትዝ ያለኝ፤ ቀደም ብሎ ትዝ ብሎኝ ነበር ብዬ አልዋሽም። እየሮጥኩ ካምፑ ደረስኩ። የብሎኬቷ ክፍል ጣራዋ ተገፎ፣ ወለሏ እንኳ ዕቃ ተቀብሮበት ይሆናል ተብሎ ተቆፍሯል። ሣጥን የሚባል የለም። ሣጥን አይቶ ወርቅ ይኖርበታል ብሎ የወሰደ ሰው ዛሬ በመዶሻ እየደበደበው ይሆናል እያልኩ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

ከቤታቸው ደጅ ገመድ እየገመዱ አገኘኋቸው። ሰላምታውን ጨርሰን፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያይቀን፣ ስለ ከብት ተጠያይቀን፣ እኔ ውስጤ እየነደደ እሳቸው ተረጋግተው ከጨረሱ በኋላ እንዲህ አሉኝ።

«አብሽር መምህር። ደህና ቦታ ነው።»

ጦር መምጣቱ ሲሰማ ቀድመው በአህያ ጭነው ወስደውታል። የት እንዳደረጉት ስጠይቃቸው ግን ነውር ነገር የጠየቅኩ ያህል ቀና ብለው አዩኝና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።

እኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። አፉ ሰው የሚያስገባ ያህል ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እሳት ይነድበታል፣ ይደርቃል፣ ግድግዳው በገለባ ይሸፈናል፣ እህሉ ይገባል፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ አፈር ይመለስበትና ከላይ ይታረሳል፣ ወይ የከብት እበት ይቆለልበታል፣ ወይ ቤት ውስጥ ከሆነ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። በዚህ ሜዳ ያላለፈ ጦር የለም፤ ያለፈው ሁሉ ደግሞ ርቦት ነው ያለፈው። ስለዚህ የጉድጓድ ቦታ አይወራም። በጣት አይጠቆምም፣ በስልክ አይነገርም። የሚነገረው ለሚረከበው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቱ ቦታው ላይ አብረው ቆመው። አባት ልጁን ወስዶ ያቆመዋል፣ «እዚህ ነው» ይለዋል፣ አለቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን አስቸግሮ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ከልቤ ደስ አለኝ። የማላውቀውን ነገር ማን ይጠይቀኛል? ቢሮዬ ገባሁና ቅጹን ሞላሁ። «ያለበት ሁኔታ» ከሚለው ፊት «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመትም «ደህና»። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ከላይ ማንም መልሶ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሪፖርት በወቅቱ በመላክ የምስጋና ደብዳቤ ደርሶኛል።

ይኸው ትጋቴ ታይቶ መሰለኝ ለዐውደ ጥናት ተጠራሁ። አገሪቱ ለእንዲህ ያለው ቁስ ዘላቂ ማስወገጃ እያጠናች ነው፤ ምን ዓይነት አለት ይሻላል፣ የከርሰ ምድር ውኃ ከየት ወዴት ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ እየተባለ ይታሰባል። ሥራው ቁም ነገር ነው፣ የሚሠሩትም የተማሩና ቅን ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ አልቀልድም። የምቀልደው እዚያ መሃል በተቀመጥኩት በራሴ ነው። ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ ዓሣ ጥብስ እየበላን፣ በቡድን ተከፋፍለን እንድንወያይ የተሰጠን ጥያቄ ይህ ነበር፦ ከአሥር ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ፣ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው፣ እዚህ ቦታ እንዳይቆፍር እንዴት እንንገረው?

እንግዲህ አስቡት። ያለፈው ዓመት መዝገቡ የለውዝ መጠቅለያ የሆነበት ወረዳ ተወካይ፣ ለአሥር ሺህ ዓመት መልእክት ሊያደርስ ተቀምጧል። አንዱ ትልቅ ድንጋይ ይተከል አለ። አንዷ የሚያስፈራ ፊት ይቀረጽበት አለች። ሌላው ከሲሚንቶ የተሠራ የእሾህ ጫካ ይሁን አለ። እኔ የዶሮ ቤቱን ነገር አወራሁላቸው፤ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ቡድን መሪያችን ትልቁ ወረቀት ላይ «ትውልድ ተሻጋሪ የመረጃ ቅብብል» ብሎ ጻፈና አሰመረበት። ያን ሲያሰምር ነው ስልኬ የጮኸው።

የሽማግሌው ልጅ ነበረች። አባቷ መምህር ይምጣልኝ እያሉ መሆኑን ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ አይናገሩም፤ እኔን ብቻ ይሻሉ። ስብሰባ ላይ መሆኔን፣ ስመለስ እንደምመጣ ነገርኳት። ወንድሟ ስልኩ ከተዘጋ ቆየ፤ እሳቸው ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሁለቱን አገናኝቶ ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ስለ ቅብብል እየተወያየን ነበር።

ስመለስ በባጃጅ ነጂ ደግመው ላኩብኝ። የዐውደ ጥናቱን ሪፖርት እየጻፍኩ ነበርና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ራሳቸው መጡ። የገበያ ቀን ነው፤ በትራቸውን ይዘው ቢሮዬ ደጃፍ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አሉ። እኔ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ተላላኪያችን ሁለት ጊዜ ገብታ ነገረችኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ በያቸው አልኳት። በመስኮት አየኋቸው፤ ሰሟት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ሄዱ። ቅዳሜ ሙቀት ነበር። ቆቦ መቼም ቅዳሜ ሁሉ ሙቀት ነው።

ማክሰኞ ልጅቷ ደወለች። ሰኞ ጠዋት ለሱብሂ ሰላት ሊነሡ ሲሉ የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወድቀዋል፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። ሆስፒታል ውሰዷቸው አልኳት። ሰው ተሰብስቦ ቃሬዛ ተሠርቶ እንደነበረ፣ እሳቸው ግን በደህና እጃቸው የአልጋውን እንጨት ጨብጠው አልለቅ እንዳሉ እያለቀሰች ነገረችኝ። ጣታቸውን ሊያላቅቁ ሲሞክሩ የሚያወጡት ድምፅ ሰው አላስችል ስላለ ተዋቸው። ቤቴ ልሙት ማለታቸው ነው ተባለ። እኔም ይህንኑ አልኩ፣ ሽማግሌዎች እንዲህ ናቸው ብዬ፣ ዕውቀት እንዳለው ሰው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሣጥኑ ሊወሰድ ነው፤ ባለሙያዎች ሰኞ ይደርሳሉ፤ ተጠሪው ዕቃውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ይላል። ተጠሪው እኔ ነኝ። ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው በዓለም ላይ፤ እሱም አይናገርም። ያን ደብዳቤ ይዤ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ላይ መቀለድ አቃተኝ።

ሰኞ መኪናው መጣ። ኃላፊዋ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነች፤ ከእሷ ጋር ሾፌሩና አንድ ረዳት አሉ። ሁሉንም ነገር እውነቱን ነገርኳት፤ የ«ደህና»ዎቹን ነገር ጭምር። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መለኪያዋን ይዛ የሽማግሌውን ግቢ፣ በረቱን፣ እርሻውን ዳር እስከ ዳር ሄደችበት። መለኪያው ጭጭ። ሣጥኑ ካልተሰበረና አፈሩ በቂ ከሆነ ከላይ ምንም እንደማይሰማ አስረዳችኝ፤ ጥሩ አቀባበር ማለት እሱ ነው አለችኝ። ስንት ሰው ስንት ዓመት የሚያጠናለትን ነገር አንድ ማሽላ አራሽ በአህያና በአካፋ ፈጽሞታል፣ እኛ ደግሞ መልሰን ልናገኘው አልቻልንም።

ልጅቷ የምታውቃቸው ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ። አንዱ በረቱ ውስጥ፣ አንዱ ከጓሮ። ሦስተኛው ከጦርነቱ ወዲህ ተደርምሷል ብለዋት ነበር አባቷ፤ ቦታውን ግን አሳይተዋት አያውቁም። ሁለቱን ራሷ በአካፋ ከፈተችልን። ደጋሊት የምንለው ማሽላ ሞልቶባቸዋል፤ ሌላ ነገር የለም። የጉድጓድ እህል አንዴ አየር ካገኘ አይቆይም፤ ቶሎ መበላት ወይ መሸጥ አለበት። ክረምቱን ልጆቿን የምታበላበትን ነው በአንድ ጠዋት የከፈተችው። ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እጇን አራገፈችና ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ የዚያ ዕቃ ነገር ይቅርብኝ። አባቴ የአንቱን ቃል ይሰማል። ሆስፒታል ይሂድ ይበሉልኝ።»

ከወደቁ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ከሰማሁ ጀምሮ በየቀኑ ስልክ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ በእግሬ ግን አልሄድኩም ነበር። ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ገባሁ። ቤቱ ጨለም ያለ፣ ንጹሕ ነው። የጠፍር አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ የግራ እጃቸው ልጅቷ እንዳለችው የአልጋውን እንጨት ጨብጧል፣ አንጓዎቹ ነጥተዋል። እንዳዩኝ ያ እጅ ለቀቀ። ልጅቷ ከኋላዬ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። እጅጌዬን ያዙና ጎተቱኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ መጥቻለሁ አልኩ፣ ልጅዎ ሆስፒታል ይሂዱልኝ እያለች ነው አልኩ። እሳቸው ይህን ሁሉ አልሰሙም። እግሬን ነው የሚያዩት። ቅልጥሜ ከአልጋው እንጨት ጋር እስኪጋጭ ድረስ ጎተቱኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ታች ሰደው ወለሉን መቱት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ያው የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ አልገባኝም። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸው እምቢ እያላቸው፣ ከስምንት ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገሩ።

«ተረከበኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቦታው ላይ አብረን ነበርን።

ለአራት ሆነን አልጋውን ከነእሳቸው አንሥተን ወደ ግድግዳው አስጠጋነው። ምንጣፉን ገለጥን፣ የተደመደመውን አፈር ፈነቀልን፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ብቅ አለ። ከሥሩ ጠባቧ አፍ፣ ከዚያ ሰፊው ሆድ፣ ከሥር እስከ ላይ በደረቅ ገለባ የተሞላ። ገለባውን አውጥተን ስንጨርስ ቢጫው ሣጥን በሸራ ተጠቅልሎ፣ እርጥበት እንዳይነካው ድንጋይ ተነጥፎለት፣ ቁልፉ እንደተቆለፈ ተቀምጧል። ባለሙያዋ ሣጥኑን ለካችው፣ መረመረችው፣ ከዚያ አልጋው የነበረበትን ቦታና ሽማግሌው የተኙበትን ጎን ለካች። ሜዳው ላይ ካለው የተለየ ነገር የለም። በሽታቸው ከዚህ ጋር እንደማይገናኝ ለልጅቷ ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

ልጅቷ ደግሞ አልጋውን ነበር የምታየው። አባቷ ድሮ በበሩ በኩል ነፋሻው ቦታ ይተኙ እንደነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ግን አልጋቸውን ወደዚህ ታፍኖ ወደሚሞቀው ጥግ እንዳዞሩት፣ በበጋው ሙቀት እንኳ ውጭ ደጅ አልጋ እናውጣልህ ሲሏቸው እምቢ ይሉ እንደነበር ነገረችን። ለምን እንደሆነ ጠይቃቸው አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም። ሳያዩት አንድም ሌሊት እንዳያድሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ባጃጅ እየጠበቀኝ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ነገር ለስንት ተማሪ ተናግሬያለሁ። ቃሌን እንዲህ የያዘልኝ ሌላ ተማሪ የለኝም።

ባለሙያዋ የመረከቢያውን ወረቀት አወጣች። ሽማግሌው እንዲያዩት ከፊታቸው ቆሜ ፈረምኩ፤ ሣጥኑ በፊታቸው አልፎ ወጣ፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰሙ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይላቸው የግራ እጃቸውን ወደ ቃሬዛው ዘረጉ።

ወልዲያ ወሰድናቸው። ሐኪሙ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀ። ልጅቷ ስምንት ቀን አለችው። ብዕሩን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞሮ፣ እሷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ኖሮ ብዙ ማድረግ ይቻል እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ነው የተቀበሩት፣ ዞብል ፊት ለፊት ይታይ ነበር፤ እኔም ከሰው ጋር ሆኜ አፈር መለስኩ።

ባለፈው ወር ከዋና ከተማ አንድ ፖስታ መጣልኝ። የምስጋና ደብዳቤ አለበት፤ ወረዳችን ለጊዜያዊ አያያዝ በምሳሌነት የሚጠቀስ ነው ይላል። የመጨረሻው ቅጽም አብሮ አለ፣ ፋይሉ እንዲዘጋ የሚሞላው። የሣጥኑ መለያ፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ የተረከበው ሰው። ሁሉንም ሞላሁ። ከታች አንድ መስመር ቀረች፦ «በጊዜያዊ ክምችቱ ወቅት በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት»።

«የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።